ስለ እንግዳ ዛፎች ጥቅምና ጉዳት

ዛፍ መትከል በሰው ሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ሥራ ነው። ዛፍ የተከለ ሰው ለልጁ ጥላን፥ ለጎረቤቱ ማገዶን፥ ለምድሪቱም ልብስን ያተረፈ ተብሎ ይመሰገናል፤ ምስጋናውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምስጋና ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ችግኙ በተተከለበት ቀን ስለ ሆነ፥ ዛፉ ካደገ በኋላ ምን እንደ ሠራ ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ዛፍ ሁሉ ቅጠሉ ያማረ ይሁን እንጂ ዛፍ ሁሉ ለተተከለበት ስፍራ ይስማማል ማለት አይደለም። ይልቁንም ከሩቅ አገር የመጣ ዛፍ በተወለደበት ምድር ቅጠሉን የሚበላ ተባይ፥ እድገቱን የሚገታ ድርቅ፥ ስፍራውን የሚሻማ ሌላ ዛፍ ስላለበት በልክ ይኖራል፤ እነዚህ ከሌሉበት ምድር በገባ ጊዜ ግን ልኩን ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ እንግዳ ዛፍን የሚተክል ሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገር ሊመረምር ይገባዋል። ይህ ዛፍ ምን ያህል ውሃ ይጠጣል? ሥሩስ ወዴት ይሄዳል? ዘሩስ እስከ ወዴት ይደርሳል? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይገኝ የተተከለ ዛፍ የዛሬውን ችግር ለነገ ሰው ያሸጋግራል እንጂ አያስወግድም። እንግዳ ዛፍ ሁሉ ክፉ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ እንግዳ ዛፍ ሁሉ በረከት ነው ማለትም እንዲሁ ስሕተት ነው። አንዱን ዛፍ ጠቃሚ ወይም ጎጂ የሚያደርገው የዛፉ ጠባይ፥ የስፍራው ምርጫና የጠባቂው ትጋት በአንድነት ናቸው። ይህም ነገር በዓይን ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዷ በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የደማም የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ከእርስዋም የሚገኘው ትምህርት ለኢትዮጵያ ደጋና ቆላ፥ ለገበሬውም ማሳ ለቤተ ክርስቲያንም አጸድ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከዚያ መጀመር ይሻላል።

ደማምና ጎረቤቷ አል-ኮባር በባሕረ ሰላጤው ዳር የተሠሩ ከተሞች ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ዓሣ በማጥመድና ዕንቁ ከባሕር በማውጣት የሚተዳደሩ ሰዎች የሰፈሩባቸው ታናናሽ መንደሮች ነበሩ። በ1938 እ.ኤ.አ. የደማም ሰባተኛ ጕድጓድ ተብሎ የሚጠራው ጕድጓድ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ ዘይት ካፈለቀ ወዲህ ግን የአገሩ መልክ ፈጽሞ ተለወጠ። ወደብ ተሠራ፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ከደማም እስከ ሪያድ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ከተማ በደማም ተቋቋመ፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ አል-ኮባርን ከባሕሬን ደሴት ጋር የሚያገናኘው የባሕር ላይ ጎዳና ተከፈተ። ፋብሪካው ሠራተኛን፥ ሠራተኛውም ቤትን ስለሚፈልግ ከተሞቹ በጥቂት ዘመን ውስጥ እየሰፉ ሄደው እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ። እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ ከተጓዙት የብዙ አገር ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያንም ይገኙባቸዋል።

የዚያ ምድር አየር ግን ለዛፍ የሚራራ አይደለም። የዓመቱ ዝናም ከመቶ ሚሊ ሜትር ብዙ አያልፍም፤ ይህም በኢትዮጵያ ደጋ በአንድ የሐምሌ ወር ከሚወርደው እጅግ ያነሰ ነው። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚበልጥበት ቀን አለ። ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣው ሸማል የተባለው ነፋስ አሸዋውን እያነሣ በመንገድና በቤት ላይ ያፈሳል። የባሕሩ ዳር አፈር ጨው የበዛበት ነው፤ የሚጠጣውም ውሃ በአብዛኛው ጨዋማው የባሕር ውሃ በትላልቅ መኪናዎች ተጣርቶ የሚገኝ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ ጥላ ያለው ዛፍ ለመንገደኛው ምን ያህል ደስታ እንደሚሰጥ ለመረዳት አያስቸግርም።

ከዚህም የተነሣ የከተማ ሹማምንትና የቤት ባለቤቶች ቶሎ የሚያድግ፥ ጨውን የሚችል፥ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማይጥል ዛፍ ሲፈልጉ ኮኖካርፐስ የተባለውን ዛፍ አገኙ። ከሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁሉ በመንገድ ዳርና በግቢ አጥር ዙሪያ በብዛት ተተክሏል። ከነገዱ አንደኛው የአሜሪካና የምዕራብ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ተወላጅ ነው። ቅጠሉ ቀጠን ያለው ሁለተኛው ግን ለኢትዮጵያ ጎረቤት ነው፤ በሶማልያ፥ በጅቡቲና በየመን፥ በዝናም ጊዜ ብቻ ውሃ በሚወርድባቸው ሸለቆዎች ዳር የበቀለ ነውና። በዚያ በተወለደበት ሸለቆ ማንንም አልበደለም፤ ውሃ ሲመጣ ይጠጣል፤ ውሃ ሲታጣ ሥሩን እየሰደደ እርጥበት ይፈልጋል፤ ለሰውም እንጨትንና ጥላን ይሰጣል።

የዚህን ዛፍ ጥቅም መካድ አይገባም። ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይበቅላል፤ ስለዚህ ችግኙ በርካሽ ይገኛል። ውሃ እስካገኘ ድረስ በጥቂት ዓመት ከቤት ጣራ በላይ ይደርሳል። መቀስን አይፈራም፤ እንደ ግድግዳ አስተካክለው ቢከረክሙት ያንኑ መልክ ይዞ ይኖራል። አቧራውንና አሸዋውን ይከለክላል፤ የመኪናውን ጩኸት ያበርዳል፤ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል መጋረጃ ይሆናል። አጥር የሌለው ሰው አጥርን፥ ጥላ የሌለው ጥላን በአጭር ጊዜ ስላገኘበት ዛፉን መውደዱ የሚያስነቅፈው አይደለም።

ጉዳቱ የታየው ከዘመናት በኋላ ነው። በደረቅ ሸለቆ ውስጥ እርጥበትን ፈልጎ መሄድ የለመደው ሥር በከተማ ውስጥም ያንኑ ያደርጋል። የከተማ እርጥበት ያለው ደግሞ በቧንቧ ውስጥ ነው። ቧንቧ ከቧንቧ ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ ጥቂት እንኳ ቢያዥ የዛፉ ሥር እንደ ፀጉር ቀጥኖ በዚያው ይገባል፤ ከገባም በኋላ ይወፍራል፤ ሲወፍርም ፍሳሹን ይዘጋል፥ ቧንቧውንም ይሰነጥቃል። የእግረኛው መንገድ ንጣፍ ይነሣል፤ የአጥሩ ግንብ ይሰነጠቃል፤ አንዳንድ ጊዜም የቤቱ መሠረት ይነካል። እንዲህ ያለው አቤቱታ በኩዌትና በደቡባዊ ኢራቅም ተሰምቷል። በሕንድ የጉጃራት መስተዳድር በ2023 እ.ኤ.አ. ይህ ዛፍ እንዳይተከል እስከ መከልከል ደርሷል። በግቢው ለጥላ ብሎ የተከለው ባለቤት ከዓመታት በኋላ ለቧንቧ ሠራተኛ የሚከፍለው ገንዘብ ከጥላው ዋጋ ይበልጥበታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ሁለተኛው ጉዳት የውሃው ነገር ነው። ዛፉ ድርቅን ይችላል ሲባል ውሃ አይጠጣም ማለት አይደለም፤ ካገኘ አብዝቶ ይጠጣል፤ ለምለም ሆኖ የሚታየውም ስለሚጠጣ ነው። ውሃ ከባሕር ተጣርቶ በብዙ ወጪ በሚገኝበት አገር ከቤት የወጣው ፍሳሽ ታጥቦ ለዛፍ መስጠቱ መልካም ዘዴ ነው፤ ቢሆንም ያ ውሃ ለብዙ ዓይነት ዛፎች ሊበቃ የሚችለውን ለአንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ማዋል ብልኅነት አይደለም። ሦስተኛው ጉዳት ይኸው የአንድ ዓይነትነቱ ነው። ከተማው ሁሉ በአንድ ዛፍ ከተሞላ አንድ በሽታ ወይም አንድ ተባይ በገባ ጊዜ ሁሉም በአንድነት ይጠፋል። በብዙ ዓይነት ዛፎች የተተከለ ከተማ ግን አንዱ ቢታመም ሌላው ጥላውን ይሰጣል።

በዚህ ስፍራ «እንግዲያስ ጥፋቱ የዛፉ ነው» የሚል ቢኖር ሌላ ታሪክ ቢያደምጥ ይጠቅመዋል። ከደማም ወደ ደቡብ ምዕራብ አል-አሕሳ የተባለ የጥንት ለምለም ስፍራ አለ። ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል የቴምር ዛፎች ያሉበት በመሆኑና በጥንታዊነቱ በ2018 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ይህ ስፍራ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚገሰግሰው አሸዋ መንደሩንና የቴምሩን ተክል እየሸፈነ ያስጨንቀው ነበር። ስለዚህ በ1962 እ.ኤ.አ. አሸዋውን በዛፍ የመግታት ታላቅ ሥራ ተጀመረ። ለዚህም ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው በዐረብኛ አስል የሚባለው፥ የዚያው ምድር ተወላጅ የሆነው ዛፍ ነው። በረድፍ በረድፍ ተተክሎ አሸዋውን አቆመ፤ መንደሮችም ከመዋጥ ዳኑ።

ይኸው አስል ለጥላና ለነፋስ መከላከያ ተብሎ ወደ አውስትራሊያ ተወስዶ ነበር። በዚያ ለብዙ ዓመታት በየመኖሪያው አጠገብ ጸጥ ብሎ ኖረ። በ1974 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው አውስትራሊያ ታላቅ ጎርፍ በሆነ ጊዜ ግን ዘሩና ቅርንጫፉ በፊንክ ወንዝ ተወስዶ በዳርቻው ሁሉ በቀለ፤ የወንዙን ዳር ከጥንት የያዘውን አገር በቀል ዛፍም ከስፍራው አስለቀቀ። ያ ከስፍራው የተገፋው ዛፍ ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ በኢትዮጵያ ቀይ ባሕር ዛፍ የሚባለው ነው። እንግዲህ በኢትዮጵያ እንግዳና ባለ ጕልበት የሆነው ባሕር ዛፍ በገዛ አገሩ ከዐረቢያ በመጣ እንግዳ ተገፍቷል፤ በአውስትራሊያ እንደ አረም የሚነቀለው አስል ደግሞ በአል-አሕሳ የአገር ጠባቂ ነው። ስለዚህ አንድን ዛፍ ያለ ስፍራው ማመስገንም መኮነንም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌላም መለየት የሚገባው ነገር አለ። እንግዳ ዛፎች ሁሉ በአንድ ስም ቢጠሩም በጠባያቸው ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን በተተከለበት ጸንቶ ይኖራል፤ ጉዳቱም በሥሩና በጥላው ዙሪያ ይወሰናል። በደማም መንገድ ዳር የቆመው ኮኖካርፐስና በኢትዮጵያ ደጋ ያለው ባሕር ዛፍ በአብዛኛው ከዚህ ወገን ናቸው። የተከላቸው ሰው ቢጸጸት ቆርጦ ሥራቸውን ሊያወጣ ይችላል። ሁለተኛው ወገን ግን ከተተከለበት ተነሥቶ ይሄዳል። ይህን ከተከሉት በኋላ መጸጸት አይጠቅምም፤ ዘሩ ከተካዩ እጅ ወጥቷልና።

የዚህ የሁለተኛው ወገን ምሳሌ በአፋር የሚገኘው ፕሮሶፒስ ነው። ትውልዱ አሜሪካ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመካከለኛው አዋሽ በእርሻ ልማት ስፍራዎች አካባቢ ለነፋስ መከላከያ፥ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ተተከለ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ዛፉም እንደ ተባለለት ድርቅን የሚችል ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ፍሬው ጣፋጭ ስለ ሆነ ግመሉና ፍየሉ ይበሉታል፤ ዘሩም በሆዳቸው ሳይፈጭ አልፎ ከፋንድያው ጋር በየሄዱበት ይወድቃል፤ ፋንድያውም ማዳበሪያ ይሆነዋል። ጎርፍም ይወስደዋል። በዚህ ዓይነት በአርባ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወረረ። የከብት ሣር ይበቅልበት የነበረው ሜዳ እሾሃም ጫካ ሆነ፤ ወደ አዋሽ ወንዝ የሚወስደው የውሃ መንገድ ተዘጋ፤ እሾሁ የከብቱን ኮቴና የመኪናውን ጎማ ይወጋል። የአገሩ ሰዎች በአፋርኛ «የደርግ ዛፍ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ስሙም በማን ዘመን እንደ መጣባቸው እንዳልረሱ ያሳያል።

በኬንያም ባሪንጎ በተባለው አውራጃ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ይኸው ዛፍ ስላደረሰባቸው ጉዳት በ2006 እ.ኤ.አ. መንግሥታቸውን ከሰሱ። ጣፋጩን ፍሬ ዘወትር ከመብላት የተነሣ ጥርሷ ያለቀ ፍየልም ለማስረጃ ወደ ችሎት ቀረበች። ዳኛ ፊት የቆመችው ፍየል መናገር ባትችልም፥ ዛፍን የሚያድል ሁሉ የሚቀበለውን ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ እንደሚገባው አስተምራለች። በአፋርም በኬንያም ዛፉን ለከሰል እየቆረጡ፥ ፍሬውን እየፈጩ ለመኖ እያደረጉ ለማሳነስ ተሞክሯል። አንዳንድ ሰው ከዚህ ገቢ አግኝቷል፤ መስፋፋቱ ግን አልቆመም። ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣልና፥ ቆራጭ ሲተወው ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ወደ ባሕር ዛፍ መመለስ ይገባል፤ ለኢትዮጵያ ሰው ከእንግዳ ዛፎች ሁሉ የቀረበ እርሱ ነውና። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ። እንጨት ስለ ታጣ ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር በታሪክ የታወቀ ነው። ዛሬ ተሳላሚ ሁሉ የሚያውቃት የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዚያ ጊዜ ለቤተ መንግሥት በተጀመረው ሕንፃ ላይ መሠራቷ የዚያ አሳብ ምልክት ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት አድጎ እንጨቱን ሰጠ፤ ከተማውም በስፍራው ጸና። አጣናው፥ ማገሩ፥ ቋሚው፥ ምጣድ የሚጣድበት ቅጠል ሳይቀር ከእርሱ ተገኘ። የቀሩት አገር በቀል ደኖች ፈጽመው ሳይጨፈጨፉ የቆዩት በአንድ ወገን ባሕር ዛፍ የሰውን ፍላጎት ስለ ተሸከመላቸው ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍም የራሱ ዕዳ አለው። ቶሎ የሚያድገው ብዙ ስለሚጠጣ ነው፤ በምንጭ ራስና በረግረግ ዳር ሲተከል ውሃውን ያሳንሳል። በማሳ ዳር ሲተከል እስከ ጥቂት ሜትር ድረስ ያለው ሰብል ይቀጭጫል፤ በዚህም ምክንያት ስንት ወንድማማች በድንበር ተካስሷል። ወደ ምድር የሚጥለው ቅጠል በሥሩ ሌላ ቡቃያ ቶሎ እንዲነሣ አያደርግም፤ በቁልቁለት ላይ ሣር ከሌለበት ጎርፉ አፈሩን ይጠርገዋል። ከጥንት ጀምሮም ይህ ክርክር ነበረ፤ ገና ዛፉ በአዲስ አበባ በተስፋፋ በሃያ ዓመት ውስጥ ምንጭ ያደርቃል ተብሎ ብዙው እንዲነቀል አዋጅ ወጥቶ ሕዝቡ ስላልፈጸመው ቀርቷል። ሕዝቡ ያልፈጸመበት ምክንያት ዕንቢተኛነት ብቻ አልነበረም፤ በምትኩ የሚነድድ ሌላ እንጨት ስላልነበረው ነው። ከዚህ የሚወሰደው ምክር፥ ምትኩን ሳያሳዩ «ንቀል» ማለት ሳያስቡ «ትከል» ከማለት እንደማይሻል ነው።

በአማራ ክልል በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ያለው ሥራ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ አፈሩ ኮምጥጦ እህል ሲቀንስ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን፥ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ወገን ዛፍ በማሳቸው ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራሉ፤ በኋላም በዛፉ መካከል ለከብት ሣር ያጭዳሉ፤ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ ከዚያም ምድሩን እንደ ገና ያርሱታል። ዛፉ በሥሩ አፈርን የሚያዳብር ስለ ሆነ ማሳው ይሻሻላል፤ ከከሰሉም ሽያጭ ብዙ ቤተ ሰብ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፥ ልጁንም አስተምሯል። ይህ ተካይ ያለው፥ ጠባቂ ያለው፥ የመቁረጫ ጊዜው የታወቀ ተክል ነው። ነገር ግን ወረዳው ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ተስፋውን ስለ ጣለ፥ በቅርብ ዓመታት ቅጠሉን የሚያደርቅ በሽታ በገባ ጊዜ ጉዳቱ የሁሉ ሆነ። በደማም ስለ አንድ ዓይነትነት የተባለው በአዊ ማሳም እውነት ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ሁሉ መካከል የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነገር ተለይቶ ሊታሰብ ይገባዋል። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ከተራራ ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚመለከት ሰው በታረሰው ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆኖ የቆመ ደን ያያል፤ በእያንዳንዱም መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽድ፥ ወይራ፥ ዝግባ፥ ጥቁር እንጨት፥ ኮሶ፥ ዋንዛ፥ ብሳና፥ ዶቅማ በአካባቢው ከሌላው ስፍራ ሁሉ ጠፍተው በዚያ ብቻ የቀሩበት ደብር ብዙ ነው። ከበሮው ከዋንዛ ይቦረቦራል፤ የተማሪው መፋቂያ ከወይራ ይቆረጣል፤ የቤቱ ምሰሶ ጽድ ነው፤ ንቡም በአበባቸው ይኖራል። ምንጩ በሥራቸው ይጠበቃል። የአብነት ተማሪ ጎጆውን በጥላቸው ቀልሶ ቅኔ ይቈጥርበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዘራቸው ነገር ነው፤ ነገ ተራቆተ የተባለውን ተራራ ለማልበስ የሚፈልግ ሰው ዘር የሚለቅመው ከነዚህ አጸዶች ነው።

ወደ እነዚህ አጸዶችም ባሕር ዛፍ እየገባ ነው። ምክንያቱም ይታወቃል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ከመሬት ታገኝ የነበረው ገቢ ቀረ። የጣራው ቆርቆሮ ይዝጋል፤ ካህናቱ ደመወዝ ይፈልጋሉ፤ ለንግሥ በዓል ወጪ አለ። ባሕር ዛፍ ደግሞ በአምስትና በሰባት ዓመት ደርሶ አጣናው ይሸጣል። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ይህን አስቦ ቢተክል ገንዘብ ወዳድ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም። ጥያቄው ባሕር ዛፍ ይተከል ወይስ አይተከል ሳይሆን የት ይተከል ነው። ከቅጥሩ ውጭ፥ ከምንጩ ርቆ፥ በተለየ መሬት ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ የአጸዱ አገልጋይ ነው፤ ምእመኑ ለማገዶ ወደ ጽዱና ወደ ወይራው እጁን እንዳይዘረጋ ይከላከላልና። ጽዱ ተቆርጦ በስፍራው የተተከለ ባሕር ዛፍ ግን ወራሽ ነው። አገልጋዩ በጊዜው ተቆርጦ ይተካል፤ ወራሹ ከያዘ በኋላ ግን መቶ ዓመት የፈጀውን ጽድ ማንም በአምስት ዓመት ሊመልሰው አይችልም።

ለዚህም መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር፥ ከካህናቱና ከምእመናኑም ጋር ተባብረው በደቡብ ጎንደር በአንዳንድ አጸዶች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ስለሚለቀም ለማሳውም ጥቅም ነው። ካቡ ከብቱን ከለከለ፤ ከብት ካልረገጠው በዛፎቹ ሥር የወደቀው ዘር ራሱ ይበቅላል። ይህ ሥራ የውጭ ችግኝ ሳያስፈልገው በአገር ድንጋይና በአገር ዘር የሚፈጸም ነው። ከመትከል መጠበቅ የሚበልጥበት ጊዜ እንዳለም ያሳያል።

አንዳንድ ሰዎች «አገር በቀል ዛፍ ዘገምተኛ ነው፤ ድሀ ሊጠብቀው አይችልም» ይላሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ዛሬ ማታ እራት የምታበስል እናት ዝግባ እስኪያድግ ልትቈይ አትችልም፤ ልጁን በጠራራ ፀሓይ የሚያሳድግ የደማም ሠራተኛም ለጥላ ሃያ ዓመት ይታገሥ ማለት ጭካኔ ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር ቶሎ የሚደርሰውን ዛፍ በልኩና በስፍራው ስለ መትከል የሚያስረዳ እንጂ ሁሉን ስፍራ ለእርሱ ስለ መልቀቅ የሚያስረዳ አይደለም። ብልኅ ገበሬ ቶሎ የሚደርሰውን ገብስ ለረኃብ ጊዜ ይዘራል፤ ስለዚህ ግን ጤፉንና ስንዴውን አይተውም። እንዲሁም ቶሎ የሚያድገው እንግዳ ዛፍ ለዛሬ ማገዶ፥ ዘግይቶ የሚያድገው አገር በቀል ለነገ ምንጭና ለነገ ዘር ጐን ለጐን ሊኖሩ ይችላሉ።

በደማምም ቢሆን መፍትሔው ያሉትን ዛፎች ሁሉ በአንድ ቀን ነቅሎ ከተማውን ማራቆት አይደለም። ከቧንቧና ከግንብ አጠገብ ያሉትን በየተራ አንሥቶ በምትካቸው ሌላ መትከል፥ ከቤት የራቁትን እየከረከሙ ማቈየት ይበቃል። የዚያ ምድር ተወላጆች የሆኑ ዛፎችም አሉ። ከነዚህ አንዱ በዐረብኛ ሲድር የሚባለው፥ በኢትዮጵያ ቆላ ቁርቁራ ተብሎ የሚታወቀው ዛፍ ነው፤ ፍሬው ይበላል፥ ማሩም የተወደደ ነው። ጋፍ የሚባለው የበረሃ ዛፍና ልዩ ልዩ የግራር ወገኖችም በጥቂት ውሃ ይኖራሉ። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጀችው የአረንጓዴ ልማት ዕቅድ በአገሩ ውስጥ 10 ቢሊዮን ዛፍ ለመትከል አስባለች፤ ኢትዮጵያም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አረንጓዴ ዐሻራ በተባለው ዘመቻ በየክረምቱ ችግኝ ትተክላለች። እንዲህ ባለ ታላቅ ቊጥር ሲሠራ ትንሽ ስሕተትም ታላቅ ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ ስንት ተተከለ ከሚለው ይልቅ ምን ተተከለ፥ የት ተተከለ፥ ማንስ ይጠብቀዋል የሚለው ሊቀድም ይገባል።

ይህ ነገር ለሹማምንትና ለሊቃውንት ብቻ የተተወ አይደለም። ገዳም ለመሳለም የሚሄድ ምእመን በስለት ችግኝ ይዞ ሲመጣ ከአጸዱ የተለቀመ የጽድ ወይም የወይራ ዘር የበቀለበትን ቢመርጥ፥ ስጦታው ከቅጥሩ ጋር ይስማማል። ከውጭ አገር የሚመለስ ሰውም በዚያ ያማረውን ዛፍ ዘር በሻንጣው ይዞ ከመግባት ቢታቀብ ለአገሩ መልካም ያደርጋል፤ በአፋር ሚሊዮን ሄክታር የሸፈነው ጫካ የተጀመረው በጥቂት ችግኝ ነበርና። በገዳም ውስጥ የሚማሩ ደቀ መዛሙርት ደግሞ ነገ በየደብሩ አለቃና መምህር ሆነው ስለ አጸዱ የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው። የዛፎቹን ስም ከየምንጩና ከየጥቅማቸው ጋር ከአረጋውያን መነኰሳት ጠይቆ መያዝ፥ በየዓመቱ ከቅጥሩ ውስጥ ስንት አገር በቀል ችግኝ እንደ በቀለ መቍጠር፥ ሰበካ ጉባኤው አጣና ለመትከል ሲመክር ከካቡ ውጭ ያለውን ስፍራ ማመልከት ለአንድ ተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ውሃው፥ ሥሩና ዘሩ ተመርምረው የተተከለ እንግዳ ዛፍ ማገዶና ማገር ሆኖ ያገለግላል፤ ሳይመረመር የገባው ግን የባለቤቱን ቧንቧ፥ የከብቱን ግጦሽና የአባቶችን ጽድ ይወስዳል።